ፍላሽ ከመጫናችሁ በፊት

ልጄ፣

ድሬዳዋ አሸዋ ገበያ አጠገብ ከጓደኛህ ጋር ዘፈንና ፊልም በፍላሽ ልትጭኑ እንዳሰባችሁ እህትህ ነገረችኝ። ሥራ መፍጠርህ ያስደስተኛል፤ ይኼኛው ግን ያስከስሳል፣ ያሳስራልም።

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንቀጽ 9 መሠረት፣ ለሕዝብ ከወጣ ሥራ ለግል መገልገያህ አንድ ቅጂ ብታወጣ ባለቤቱ ሊከለክልህ አይችልም። ለደንበኛ ስትጭን ግን ይህ መብት አብሮህ አይሄድም፤ አባዝቶ ማሰራጨት የባለመብቱ ነው። «የማስከፍለው የመጫኛውን እንጂ የዘፈኑን አይደለም» ማለት አያድንም። በነፃ ብትሰጥም ያው ማሰራጨት ነው፤ ቴሌግራም ቻናል ላይ መልቀቅም እንደዚያው።

ቶረንት ላይ፣ ማለትም ሰዎች ፋይል በኢንተርኔት ከኮምፒውተር ኮምፒውተር በሚለዋወጡበት መንገድ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ፋይሉ የሚወርደው በቁርጥራጭ ነው፤ የደረሰህን ቁራጭ ፕሮግራሙ ወዲያው ለሌሎች ይልካል። እየወረደ ሳለ «አፕሎድ» የሚለውን ቁጥር ተመልከት፣ ሲጨምር ታየዋለህ። አንተ አወረድኩ ስትል ኮምፒውተርህ እያከፋፈለ ነው።

ሶፍትዌር ደግሞ ከአንቀጽ 9 ውጭ ነው። ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረ ፕሮግራም ለራስህም ቢሆን አይፈቀድም፤ መጠባበቂያ ቅጂ ማስቀረት የሚችለው ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ የያዘ ብቻ ነው።

«የውጭ ፊልም ሕጋችን አይነካውም» የሚሉህ ይኖራሉ። አዋጁ ይበልጥ የሚጠብቀው የኢትዮጵያውያንን፣ እዚህ የሚኖሩትንና እዚህ መጀመሪያ የታተሙትን ሥራዎች መሆኑ እውነት ነው። ደንበኛህ ግን የሚጠይቅህ የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የሐረሪ ዘፈን ነው። «አሮጌ ነው» ማለትም አያዋጣም፤ ደራሲው ከሞተ በኋላም መብቱ 50 ዓመት ይቆያል።

በሕጋዊ መንገድ ልሥራ ካልክ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዝ። በአንድ ዘፈን ላይ ገጣሚው፣ የዜማ ደራሲው፣ ድምፃዊውና ፕሮዲውሰሩ ሁሉ መብት ይኖራቸዋል፤ ድምፃዊው ብቻ «ጫን» ቢልህ አይበቃም። ውሉ የትኞቹን ዘፈኖች፣ በምን መልክ፣ ለስንት ጊዜና በስንት ብር ብሎ በግልጽ ይናገር። ካልሆነ ባዶ ፍላሽ ሽጡ፣ ስልክ አድሱ፣ የሰውን ፎቶ ከተበላሸ ሚሞሪ አውጡ፣ በነፃ እንዲሰራጩ የተፈቀዱትን ፕሮግራሞች ሊኑክስንና ሊብሬ ኦፊስን ጫኑ። በእነዚህ ማንም አይጠይቃችሁም፣ ገበያም አላቸው።

ዘፈን የሞላበትን ሃርድ ዲስክ ሊሸጥላችሁ ያለው ሰው ፈቃድ አለኝ ካለ ውሉን አሳዩን በሉት። ካላሳየ ባዶውን ግዙ።

አባትህ፣ ከሐረር