መርከቡ ጥሎን ሲሄድ ለደረሳችሁልን ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ባለቤቴ ደህና ነው። ቤታችን ገብተናል። ትናንት እስከ ጎረቤታችን በር ድረስ በእግሩ ሄዶ ተመልሷል። ስትደውሉ፣ ስትጽፉ፣ "እንዴት አደረ?" ስትሉ የሰነበታችሁ ሁሉ መጀመሪያ ይህን ስሙልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልን።

የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል፣ ደግሜ አልዘረዝረውም። በመዝናኛ መርከብ ስንጓዝ የታመመው ልቡ ነው። ሮማ ላይ ነው። ሐኪሞቹ የተዘጋውን የደም ሥር ከፍተው ክፍት አድርጎ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ፣ ስቴንት የሚሉትን፣ አስገቡለት። መርከቡም ሰዓቱ ሲደርስ ሄደ። አሁን መጻፍ የፈለግኩት ስለ ሰዎቹ ነው።

አንዲት ልጅ አለች። ስሜን እንዳትጽፊ ብላ አስምላኛለች፣ አልጽፍም። ሮማ ውስጥ አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት ታስታምማለች። እዚያ ያሉ የኛ ሰዎች "ባዳንቴ" የሚሉት ሥራ ነው። አዳሯም ውሎዋም እዚያው ቤት ነው። የራሷ የምትለው ጊዜ ሐሙስ ከሰዓት እና እሑድ ብቻ ነው። ጣሊያን ውስጥ በሰው ቤት የሠራ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሐሙስ ከሰዓት ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ አማርኛውና ትግርኛው የሚደምቀውም ለዚህ ነው። እኛ ሮማ የገባነው ሐሙስ ነበር። እግዚአብሔር ያደረገው ነው፣ ሌላ ምን እላለሁ?

ባለቤቴ ደረቱን ይዞ ሲቀመጥ ከጣቢያው ፊት ለፊት ባለችው ትንሽ መናፈሻ ውስጥ ነበርን፣ የዶጋሊ ሐውልት ካለበት። "ኧረ በእመቤቴ!" ብዬ ጮህኩ። በየትኛው ቋንቋ እንደምጮህ አላሰብኩም። እሷ ከጓደኞቿ ጋር ትንሽ ራቅ ብላ ተቀምጣ ነበር። ሮጣ መጣች። "እማማ፣ አይዞዎት፣ እኔ አለሁ" አለችኝ። ሻርፗን አውልቃ ከራሱ ሥር አደረገችለት። 112 ደውላ የት እንዳለን፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ፣ ምን እንዳመመው ተናገረች። ጣሊያንኛው ከአፏ ይንቆረቆራል። አምቡላንሱ መጣ። ከበሽተኛው ጋር አንድ ሰው ብቻ ነው የምንጭነው አሉ። እኔ ቋንቋ አልችልም። እሷ ደግሞ ባዳ ናት። "ልጁ ነኝ፣ እናቴንም ትቼ አልሄድም" አለቻቸው። ሁለታችንንም ጫኑን።

ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ያስለቅሰኛል። ልቀጥል።

ሆስፒታሉ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል፣ እነሱ ፕሮንቶ ሶኮርሶ የሚሉት፣ በሽተኛው ሁሉ ቀለም ይሰጠዋል። ነጭ የተሰጠው ረጅም ሰዓት ይቀመጣል። የኛ ቀይ ሆነ። እኔ ቀይ ሲሉ አለቀ ደቀቀ ብዬ ልወድቅ ነበር። እሷ ግን እጄን ይዛ፣ "ቀይ ማለት አሁኑኑ ያዩታል ማለት ነው፣ ወረፋ የለውም" ብላ አረጋጋችኝ። ከቦርሳዬ የመድኃኒቶቹን ዝርዝር አውጥቼ ሰጠኋት። አንድ በአንድ አነበበችላቸው። ስኳር አለው? የለውም። ደም ግፊት? አዎ። አለርጂ? እኔ በአማርኛ፣ እሷ በጣሊያንኛ። ሲወስዱት በሩ ላይ ቆማ አማተበች።

ያን ምሽት ወደ ሥራዋ መመለስ ነበረባት። ለአሮጊቷ ሴት ልጅ ደወለችና የሆነውን ነገረቻት። ልጅቷም ራሷ መጥታ እናቷ ዘንድ አደረች። ለዚያች ለማላውቃት ጣሊያናዊት ቤተሰብም ምስጋናዬ ይድረስ። ከነሱ ዘንድ ፈቃድ ባይገኝ ኖሮ የኔዋ ልጅ እንጀራዋን ልታጣ ትችል ነበር። ይህን ያወቅኩት ከጊዜ በኋላ ከጓደኛዋ ነው። ለኔ አንድም ቀን አልነገረችኝም።

ለእረፍት ቀናቸው ከሌሎች እህቶች ጋር በጋራ የተከራዩት ቤት አለ። እዚያ ያላትን አልጋ ለኔ ለቀቀችልኝ። ዓርብ ጠዋት ባለቤቴ ዓይኑን ሲገልጥ ጨው የሌለው ሽሮ ይዛ ገባች። ጨው እንደተከለከለ ከነርሷ አጣርታ ነው የሠራችው። "ጾም ነው አባባ፣ ሥጋ አላመጣሁም" አለችው። በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆኖ ሳቀ። የሱን ሳቅ ስሰማ ያን ጊዜ ነው ይኖራል ብዬ ያመንኩት።

የሷ እናት ደሴ ናቸው። ካየቻቸው ዓመታት አልፈዋል። እናትየው በስልክ አናገሩኝ። "እኔን ነው ያስታመመችው ብዬ ቆጥሬዋለሁ" አሉኝ። እናቴ፣ ምን ብዬ ልመልስልዎት? እንዲህ ያለች ልጅ ስላሳደጉ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎት። ዓይን ለዓይን ያገናኛችሁ።

ለምን ሮማ ድረስ ሄዳችሁ፣ ወደቡ ላይ አርፋችሁ አትቀመጡም ነበር የምትሉን አላችሁ። መርከቦቹ "ሮማ" ይላሉ እንጂ የሚቆሙት ቺቪታቬኪያ ነው። ከዚያ ሮማ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ። ባለቤቴ ግን ከፍሎሪዳ ስንነሣ ጀምሮ የሚያወራው ስለዚያ ቀን ብቻ ነበር። ሊዝቦንም ባርሴሎናም ለሱ መንገድ ናቸው። የአክሱም ሐውልት ሮማ ውስጥ ቆሞ የነበረበትን ቦታ ማየት ፈልጎ ነው። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያኖች ወስደው በ1930 መጀመሪያ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ፣ ኋላ ፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) የገባበት ሕንፃ ፊት ለፊት አቆሙት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተደረገው የሰላም ውል እንዲመለስ ከተፈረመ በኋላ እንኳ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ እዚያው ቆየ። በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም ሲገባ ባለቤቴ ዋሽንግተን ታክሲውን አቁሞ በቴሌቪዥን ሲያይ ያለቀሰውን እኔ አውቃለሁ። ባዶ ቦታውን ማየት ለሱ እንደ ስለት ነበር። ጠዋት ሄድን፣ አየን። አሁን እዚያ የመስከረም 1ቱን የአሜሪካ ጥቃት ሟቾች የሚያስቡ ሁለት ዓምዶች ቆመዋል። በዚያን ቀን ዋሽንግተን ሥራ ላይ ለነበረ ሰው ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ኮፍያውን አውልቆ ብዙ ቆመ። አንድ ሸምገል ያለ ጣሊያናዊ ከየት እንደመጣን ጠየቀንና ሐውልቱ የነበረበትን ቦታ በእጁ አሳየን። ፎቶም አነሳን። አባቴ፣ አማርኛ እንደማያነቡ አውቃለሁ። ግን እርስዎም ይመስገኑ። ያ ፎቶ ከመታመሙ በፊት የተነሳነው የመጨረሻው ነው፣ ፊቱ ላይ ያለው ደስታ ልዩ ነው። ስለዚህ መሄዳችን አይቆጨኝም።

የመርከቡን ሠራተኞች አለማመስገን ግፍ ነው። ከመርከቡ አስጎብኚዎች ጋር ሳይሆን በራሱ የወጣን መንገደኛ መርከብ አይጠብቅም፣ ይህ የታወቀ ነው፣ ቅር አላለንም። ማታ 1 ሰዓት መነሻቸው ነበር። እንደማንደርስ ስንነግራቸው የክፍላችንን ካዝና ከፍተው ፓስፖርታችንንና የባለቤቴን መድኃኒት ቺቪታቬኪያ ላለው የወደብ ወኪል ትተውልን ሄዱ። ከአጠገባችን ክፍል የነበሩት የስኮትላንድ ባልና ሚስት፣ እንደኛው ጡረተኞች፣ ሻንጣችንን ከክፍል አስተናጋጁ ጋር ሆነው አዘጋጁልን። የባለቤቴን ጋቢ እንኳ በሥርዓቱ አጥፈው አስቀምጠውታል። ሻንጣዎቹ በሚቀጥለው ወደብ ወርደው እስከ ሮማ መጡልን።

ፓስፖርቱን ለመቀበል እኔው ራሴ ወደብ መሄድ ነበረብኝ። አንድ ወጣት በመኪናው ወሰደኝ። የልጅቷ ጓደኛ ወንድም ነው መሰለኝ። መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ነበር። ምንም አላለኝም። መዝሙር ዝቅ አድርጎ ከፈተልኝ፣ ውኃ ገዝቶ ሰጠኝ። ወኪሉ ቢሮ ገብቶ ተከራከረልኝ፣ ፈርሜ ተቀበልኩ፣ መለሰኝ። ለቤንዚን እንኳ ብር አልቀበልም አለ። በድንጋጤ ስሙን ሳልይዘው ቀረሁ። ልጄ፣ ይህን ካነበብክ እባክህ ደውልልን። ባለቤቴ ሊያመሰግንህ ይፈልጋል።

ሐኪሞቹና ነርሶቹ ሁሉ ይባረኩ። በተለይ ወረቀት ላይ ልብ ስላ የተዘጋውን ቦታ በእስክሪብቶ ያሳየችኝ ወጣት ሐኪም። ወረቀቱ እኔ ጋ ነው።

በሮማ በጋራው ቤት ያስጠጋችሁኝ እህቶች፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ እድርተኞች፣ የቤተ ክርስቲያናችን ካህናትና ምእመናን፣ የባለቤቴ የታክሲ ጓደኞች፣ አውሮፕላን ማረፊያ በሌሊት የተቀበላችሁን፣ ምግብ ያመጣችሁ፣ ሣራችንን ያጨዳችሁልን ሁሉ፣ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈል።

ልጆቼን አላመሰግንም፣ ልጆቼ ናቸው። ከዳላስ በማግስቱ የደረሰው ግን የአባቱን ፂም ሲላጭለት ሳየው ደስ ማለቱን ልደብቅ አልችልም።

ስማችሁ ወይም ውለታችሁ እዚህ ያልተጠቀሰ እንዳለ አውቃለሁ። ባለቤቴ አጠገቤ ሆኖ "እገሌን ረሳሽ፣ እገሊትን ረሳሽ" እያለኝ ነው። ሁሉን ብጽፍ አያልቅም። እባካችሁ አትቀየሙን፣ ከልባችን አልወጣችሁም።

ሐኪሙ እንግዳ መቀበል ሲፈቅድልን የምስጋና ፀበል ጻዲቅ ቤታችን እናደርጋለን። ቀኑን በእድሩ በኩል እናሳውቃለን። የሮማዋ ልጃችንም ከአሠሪዎቿ ፈቃድ ካገኘች፣ ቪዛውም ከተሳካ፣ ቲኬቷን የሚቆርጠው ባለቤቴ ነው። እሱና እሷ ከአሁኑ ስለ ቀኑ እየተነጋገሩ ነው።

እግዚአብሔር ያክብርልን፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኔና ባለቤቴ