ልጆችን ከቅዳሜው የስካውት ሥልጠና ስለማስቀረት

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች
ደሴ

በቅድሚያ ሰላምታችንን እናቀርባለን። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና በጥር ወር ይሰጣል፤ ካርዱን ከክፍል ኃላፊ መምህራን ትወስዳላችሁ።

ይህን ደብዳቤ ያጻፈን ግን የቅዳሜው የስካውት ሥልጠና ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ልጆቻቸውን የሚያስቀሩ ወላጆች በዝተዋል። ስካውት የሚሠለጥነው ከ6 እስከ 8 ልጆች ባሉት ቡድን ነው። ድንኳን ሲተከል አንዱ ምሰሶ ይይዛል፣ ሌላው ካስማ ይመታል፣ ሌላው ገመድ ይወጥራል። ሁለት ልጆች ከቀሩ የመጡትም ሳይሠሩ ይመለሳሉ።

«ልጄን የላክሁት ሊማር እንጂ ገመድ ሊቋጥር አይደለም» የምትሉ አላችሁ። በአክብሮት እንመልሳለን፤ ቋጠሮውም ትምህርት ነው። የፋሻ ጫፎች ሲታሰሩ መጀመሪያ ቀኙ በግራው ላይ፣ ቀጥሎ ግራው በቀኙ ላይ ያልፋል። እንዲህ የታሰረ ቋጠሮ ጠፍጣፋ ስለሆነ ቁስል አይቆረቁርም። ሁለቱንም ጊዜ ቀኙን ያስቀደመ ልጅ ግን ፋሻው ይላላበታል። ይህ በቃል አይጠናም፤ እጅ እስኪለምደው መደጋገም አለበት።

የጀበና ቡና እጁ ላይ ለፈሰሰበት ሰው በየቤቱ ምን እንደሚደረግ እናውቃለን፤ ቅቤ፣ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና ይቀባል። እነዚህ ሙቀቱን አፍነው ይይዛሉ፣ ቁስሉንም ለብክለት ያጋልጣሉ። ልጆቹ የሚማሩት ቀለበቱን ቶሎ አውልቆ እጁን 20 ደቂቃ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር መያዝን ነው። ነስር ሲመጣም ራስን ወደ ኋላ ማቃናት ደሙን ወደ ጉሮሮ ይመልሰዋል፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል 10 ደቂቃ ሳይለቁ መያዝ ይገባል። ደሴ ከፍታዋ ከ2,400 ሜትር በላይ በመሆኑ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ግድም ይፈላል፤ ስለዚህ የሚጠጣ ውኃ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ እሳት ላይ ይቆያል። ይህ የፊዚክስ ትምህርት ካልሆነ የቱ ነው?

«የጥናት ጊዜ ይሻማል» ለምትሉ፣ ሥልጠናው ከ2፡30 እስከ 5፡30 ብቻ ነው፤ ከሰዓቱ የእናንተ ነው። «አዲስ ፈሊጥ ነው» ለምትሉም፣ የስካውት መሥራች የሆነው እንግሊዛዊው የጦር መኮንን ባደን ፓውል ስካውትን በ1907 እ.ኤ.አ. የሞከረው ከሀብታምና ከሠራተኛ ቤት የመጡ 20 ያህል ልጆችን አንድ ላይ አሰልፎ ነው። በአገራችንም ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል።

ከፈተናው በኋላ ሐይቅ ስለሚደረገው የአንድ ሌሊት ድንኳን አዳርም ጥያቄ እንደሚነሳ እንገምታለን። ዋና ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ወደ ውኃው ዳር ያለ መምህር የሚወርድ ልጅ አይኖርም። ድንኳኑ ከውኃው ርቆ ከፍ ባለ ቦታ ይተከላል። ሴት ልጆች ለብቻቸው፣ ከሴት መምህራን ጋር ያድራሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ድስት እንዲበላ ምግቡ ሽሮና ምስር ነው፤ የሶላትና የጸሎት ሰዓትም ተይዟል። የጥር ብርድ ከላይ ብቻ አይመጣም፣ መሬቱም ሙቀት ይወስዳል፤ ስለዚህ ልጁ ከሚለብሰው ሌላ የሚያነጥፈው ኬሻና ብርድ ልብስ ይያዝ።

አስም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ካለ በፈቃድ ቅጹ ጀርባ ጽፋችሁ እስከ ዓርብ መልሱልን። ልጁን የምታስቀሩ ከሆነ ግን መልእክት አትላኩብን፤ ራሳችሁ ቢሮ መጥታችሁ ምክንያታችሁን ንገሩን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህር