ደብዳቤ ለልጄ፦ ወደ ቴኒስ ከመዞርህ በፊት

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ትናንት በስልክ «የፈረስ ውድድር ትሬዲንጉ፣ ውርርድ ገዝቶ መሸጡ፣ አልሆነልኝም፣ ወደ ቴኒስ ልዙር?» ስትለኝ ዝም ያልኩት ውርርዶችህን የምትመዘግብበትን ደብተር መጀመሪያ ማየት ስለፈለግኩ ነው።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል፤ አንተ በአራት ወር ሦስተኛው ላይ ልትወጣ ነው። የእግር ኳሱን፣ አቻ ውጤትን ሌይ ማድረጉን (አቻ አይወጣም ብሎ መወራረዱን)፣ ሦስት ጨዋታ ተከታትሎ 0 ለ 0 ሲያልቅብህ ጣልከው። ሦስት ጨዋታ ምን ይናገራል? ሳንቲም 20 ጊዜ ወርውረህ ብትገምት፣ 12 እና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድልህ ከአራት አንድ ያህል ነው፤ ያውም ያለ ምንም ችሎታ።

ደብተሩ ላይ አንዲት መስመር ደስ አሰኘችኝ። ፈረሱን በ3.0 ኦድ (ቢያሸንፍ የመደብከውን ሦስት እጥፍ በሚመልስ ዋጋ) 100 መድበህ ባክ አደረግህ፣ ያሸንፋል ብለህ ተወራረድክ፤ ኦዱ 2.8 ሲደርስ በ107.14 ሌይ አድርገህ ዘጋህ። ቢያሸንፍም ቢሸነፍም 7.14 ያንተ ነው፣ የውርርድ ገበያው ኮሚሽን ሳይነሳ። ከሥሯ ያለችው፣ እንደዚያው በ3.0 100 የመደብክባት፣ ግን አናደደችኝ። ኦዱ 3.4 ሲገባ ብትዘጋ የሚሄደው 11.76 ነበር። «ይመለሳል» ብለህ ያዝከው፣ ውድድሩ ተጀመረ፣ ፈረሱ ተሸነፈ፣ 100ው ሄደ። የ14 ጥሩ ንግድ ትርፍ በአንድ ቀን! እንዲህ ያለ መስመር ስድስት ቆጠርኩ።

እና ያከሰረህ ፈረሱ ነው? አለመዝጋትህ ቴኒስ ላይም አብሮህ ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ ይብሳል። አንዲት ብሬክ (ተጋጣሚ ሰርቭ ያደረገበትን ጌም ማሸነፍ) ኦዱን በአንዴ ታዘልለዋለች፣ ጨዋታው እየተካሄደ የምትልከው ትእዛዝም ሰከንዶች ቆይቶ ነው የሚገባው፣ ሜዳው ዳር የተቀመጠው ሰው ደግሞ ካንተ ቀድሞ አይቷል።

እዚያው ፈረሱ ላይ ሆነህ 200 ንግድ በአንድ ዘዴ ሥራ፤ መዝጊያህን አስቀድመህ ጻፍ፣ ሲደርስ ዝጋ። ሕግህን ጠብቀህ፣ ኮሚሽኑ ተቀንሶ፣ ድምሩ አሁንም ኪሳራ ከሆነ ዘዴው ራሱ አይሠራም፤ ያኔ ሳታፍር ቀይር። ገበያው ገንዘብ የማይንቀሳቀስበት ከሆነ ወይም ሰዓቱ እንቅልፍህን ከነሳህ ግን 200ውንም አትጠብቅ። እናትህ «ለምን ጭራሽ አይተወውም?» ትላለች፤ እኔም አልተቃወምኳትም።

መደቡን ከ100 ወደ 10 አውርደው። ብድር እንዳትነካ። ደብተሩን በየሳምንቱ ላክልኝ፤ ያልዘጋሃቸውን መስመሮች በቀይ አስምርባቸው።

አባትህ