«ሥዕል» እና «ስዕል» ለኮምፒውተር ሁለት ናቸው

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴ አሳፍሮኛል፣ ይቅር በለኝ። መረጃ በተሰየሙ ክፍሎች የሚቀመጥበትን የኤክስኤምኤል ሰነድ ወደ ገጽ የሚለውጠውን ኤክስኤስኤል ጀመርክ ሲሉኝ ግን ዝም ማለት አላስቻለኝም። አትሪቢዩት (ኤለመንት በሚባለው የሰነዱ ክፍል ላይ የሚጻፍ መለያ) ስትፈትሽ የሚያደናቅፍህን ልንገርህ።

የመጻሕፍት ዝርዝር አለህ እንበል፤ እያንዳንዱ «መጽሐፍ» ኤለመንት «ዘርፍ» የሚባል አትሪቢዩት አለው። የኢፍ («ከሆነ» የሚለው ትእዛዝ) ቴስት ውስጥ @ዘርፍ = 'ሥዕል' ብለህ ትጽፋለህ። ነጠላ ጥቅሱን ከረሳህ ፕሮሰሰሩ (ትእዛዝህን የሚፈጽመው ፕሮግራም) «ሥዕል» የሚባል ልጅ ኤለመንት፣ ማለትም በውስጡ ያለ ኤለመንት፣ ይፈልጋል፤ @ን ከረሳህ ደግሞ «ዘርፍ» የሚባል። ኤረር አይሰጥህም፤ የሚፈልገውን ስለማያገኝ ሐሰት ብሎ ያልፋል። ገጽህ ባዶ ሲወጣ መጀመሪያ እነዚህን ምልክቶች ተመልከት።

ከዚህ የባሰው != («እኩል አይደለም») ነው። @ዘርፍ != 'ሥዕል' ካልክ ዘርፍ ጭራሽ ያልተጻፈበት መጽሐፍ ከውጤቱ ይወጣብሃል፤ የሚወዳደር ነገር የለማ! እሱም እንዲገባ ከፈለግክ የእኩልነቱን ፍተሻ ኖት («አይደለም») በሚለው ፈንክሽን ውስጥ አስገባው። @ዘርፍ ብቻውን ደግሞ መኖሩን እንጂ ይዘቱን አይጠይቅም፤ ቫልዩው ባዶ ቢሆንም እውነት ይላል።

ኢፍ «ካልሆነስ» የለውም፤ ለዚያ ቹዝ፣ ዌን እና አዘርዋይዝ አሉልህ። እኔ የምመርጠው ግን ማች (የትኛውን ኤለመንት እንደሚመለከት የሚነገርበት ቦታ) ላይ መጽሐፍ[@ዘርፍ='ሥዕል'] የሚል የራሱን ቴምፕሌት (የአወጣጥ ደንብ) መስጠት ነው። ቅንፍ ያለው ቀዳሚነቱ 0.5፣ «መጽሐፍ» ብቻ የሚለው 0 ስለሆነ የትኛውም ቀድሞ ቢጻፍ ልዩው ያሸንፋል።

አሁን ወደ ፊደላችን። አንዱ ጸሐፊ «ሥዕል»፣ ሌላው «ስዕል»፣ ሦስተኛው «ስእል» ይላል። ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ፍተሻው ለሚጻፍበት ቋንቋ ለኤክስፓዝ ግን ሦስት። መፍትሔው ሆሄን በሆሄ የሚተካው ትራንስሌት ነው፦ ከ@ዘርፍ ቀጥሎ 'ሥዕ' እና 'ስእ' ስጠውና ውጤቱን ከ'ስእል' ጋር አወዳድር። ለሁሉም ቃል እንዲሠራ ከፈለግክ የሠ፣ የፀ፣ የዐ፣ የሐና የኀ ሰባቱንም ሆሄያት ከነተተኪዎቻቸው በተርታ ደርድር። አንድ በአንድ ቁጠራቸው፤ ከተተኪዎቹ መሃል አንድ ከጎደለ የተከታዮቹ ሁሉ ቦታ ይዛነፋል፣ መጨረሻ ላይ ጥንድ ያጣው ሆሄ ደግሞ ከነአካቴው ከቃሉ ይሰረዛል። ዝርዝሩን ቫሪያብል (ስም የተሰጠው ማስቀመጫ) ውስጥ ካስቀመጥከው በኤክስኤስኤልቲ 1.0 ማች ላይ ቫሪያብል አይፈቀድም፤ ፍተሻውን ወደ ዌን አውርደው።

የኤለመንት ስሞቹን ራሳቸውን በአማርኛ የማይቀበል አሮጌ ፓርሰር (ሰነዱን የሚያነብ ፕሮግራም) ቢገጥምህ አትደናገጥ። ኤክስኤምኤል 1.0 በ1998 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ፊደላችን ገና ዩኒኮድ ውስጥ አልገባም ነበር፤ ለስም የተፈቀደው በ2008ቱ 5ኛ እትም ነው። ስሙን በላቲን፣ ቫልዩውን በአማርኛ ጻፍ።

የት እንደደረስክ ጻፍልኝ፤ ቴምፕሌቱንም ላክልኝ፣ አየዋለሁ።

ናፋቂ ወንድምህ