የእድራችን አግዳሚዎች

ገላን ጉራ፣ ሚያዝያ 2017 ዓ.ም.

ውድ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ከአንድ ዓመት በላይ ድምፄን ማጥፋቴ አንተን ከመርሳት የመጣ አይደለም። መጀመሪያ የምጽፍበት ጠረጴዛ አልነበረኝም፤ በኋላ ደግሞ ስለ ሰፈሩ ምን ብዬ እንደምነግርህ ግራ ገብቶኝ ስዘገይ ከረምሁ።

የፒያሳው ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ መፍረሱን ዋሽንግተን ሆነህም ሳትሰማ አልቀረህም። የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ የደረሰው በ2016 ዓ.ም. ሲሆን፣ እኛም በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ዕቃችንን በአይሱዙ ጭነን ወጣን። ቤቶቹ ይፍረሱ የተባለው ያለ ምክንያት ነው ብዬ አልከራከርህም። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራዩም በአዋጁ ተቀነሰ። በዚያ ገንዘብ ማን ጣራ ያድሳል? ቀበሌው አቅም የለውም፤ ተከራዩ ደግሞ የእሱ ላልሆነ ቤት ገንዘብ ለማውጣት ይሰጋል። ስለዚህ ቆርቆሮው እየዛገ፣ የጭቃው ግድግዳ እየረገፈ፣ መንደርተኛው ለአንድ መጸዳጃ ተራ እየጠበቀ ሃምሳ ዓመት ሊሞላን ጥቂት ቀርቶን ነበር። ያ ኑሮ ባለበት ይቀጥል የሚል ሰው ካለ፣ ክረምትን እዚያ ያላሳለፈ መሆን አለበት። ዛሬ እዚህ የራሳችን መጸዳጃ አለን፤ ባለቤቴ በሌሊት በባትሪ መውጣት ቀረላት።

እኔን የከነከነኝ ቆጠራው ነው። እንደምታውቀው የእድሩ ጸሐፊ ነኝና የአባላቱ መዝገብ በእጄ ነው። ለምትክ ቤት የተሠራውን ዝርዝር ከመዝገቡ ጋር ባስተያየው ሁለቱ ጨርሶ አይገጥሙም። በመዝገቡ ላይ በአንድ የቤት ቁጥር ሦስት አባወራ ተጽፎ አገኛለሁ፤ ሦስቱም ለዓመታት መዋጮ የከፈሉ፣ ሬሳ የተሸከሙ፣ ድንኳን የተከሉ ናቸው። በቤት ፋይሉ ግን ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የኪራይ ውሉ በስሙ የሆነው። ሕጉ ካሳ የሚከፍለው ለባለይዞታ ነው፤ የቀበሌ ቤት ተከራይ ባለይዞታ ስላልሆነ የሚደርሰው ምትክ ቤት ነው፤ ያለ ውል በአንድ ቤት አብሮ የሚኖረው ደባል ግን በሁለቱም በኩል የለም። እናትህን ያስታመመችው ጎረቤታችን ደባል እንደነበረች እንኳ ብዙዎቻችን ያወቅነው ያኔ ነው፤ የሚጠይቀን አልነበረምና። ስለ እሷ ለማስረዳት ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት መዝገቡን ይዤ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ የእድር መዝገብ ማስረጃ አይሆንም ተብዬ ተመለስሁ።

ውል የነበራቸውም ቢሆኑ አንድ ላይ አልሄዱም። ግማሾቻችን ገላን ጉራ ደረሰን፤ ሌሎቹ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ገቡ፤ ደባሎቹ ኪራይ ወደተገኘበት ተበተኑ። የመጀመሪያው ሞት ሲመጣ ምን እንደሆንን ልንገርህ። ሟቿ የምትኖረው አራብሳ፣ ድንኳኑ ያለው እኔ ጋ ነበር። ጥሩንባ ነፍቶ የሚሰማ ሰፈር ስለሌለ መርዶውን በስልክ አዳረስን፤ መኪና ተከራይተን ድንኳኑን ስናደርስ ቀብሩ ተፈጽሞ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሷል። ለማጓጓዣ የከፈልነውም ለሐዘንተኛው ቤት ከሰጠነው ገንዘብ በለጠ። ለእድር ዕቃ ማስቀመጫ አንድ ክፍል፣ ለአንድ መንደር ሰዎች አንድ አካባቢ ይሰጥ ቢባል ከመንገዱ ወጪ ጋር የሚነጻጸር አልነበረም፤ የሚጠይቅ ሰው ግን ቀድሞ መሰማት ነበረበት።

ባለቤቴም እንጀራ ለፒያሳ ምግብ ቤቶች ታስረክብ ነበር፤ አሁን ታክሲ እየቀያየረች ብታደርስ ትርፉን መንገድ ይበላዋል፤ እዚህ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ የሚጋግር ነው። ባለፈው ወር ፒያሳ ወጥቼ ነበር። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፤ መብራቱም ያምራል፤ አረፍ ብዬ ቡና ጠጣሁ። የእናንተ ቤት የት ላይ እንደነበረ ግን በእርግጠኝነት ማመልከት አልቻልሁም።

አሁን የምጽፍልህ ግን ጉዳይ ስላለኝ ነው። አባላቱ እድሩን ለሁለት ለመክፈል ተስማምተዋል፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ አራብሳ። ድንኳኑ ለእነሱ፣ ብረት ድስቶቹ ለእኛ እንዲሆኑ ተቀራርበናል። የተቸገርነው በአሥራ ሁለቱ አግዳሚ ወንበሮች ነው፤ ነፍሳቸውን ይማርና አባትህ በስጦታ ሲሰጡ «ለዶሮ ማነቂያ እድር» ብለው በቀይ ቀለም አጽፈውባቸዋል። ያለ ቤተሰቡ ቃል አንነካቸውም ብያለሁ። እኔ እንዲከፈሉ አልፈልግም፤ አራብሳ ያሉት አረጋውያን ስለሚበዙ ሁሉም እዚያ ቢሄዱ እመርጣለሁ፤ እዚህ ያሉት ግን አይስማሙም። ስብሰባው የግንቦት የመጀመሪያው እሑድ ነውና ከዚያ በፊት በጽሑፍ ወስንልን፤ ለአባላቱ አነበዋለሁ።

ወዳጅህ