ከድሬስደን ለወንድሜ

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ብዙ ዘመን ሆነን፤ ዛሬ ብዕር ያስነሣኝም የአብያተ ክርስቲያናትን ሥዕል ስትጠግን ከኖርከው ከአንተ በቀር ከማንም ጋር ልመክርበት የማልችለው ጉዳይ ነው።

ሰሞኑን በጀርመን አገር ድሬስደን ከተማ ሰንብቼ፣ በስቪንገር ቤተ መንግሥት የሚገኘውን የቀደምት ሠዓልያን ሙዚየም ጎበኘሁ (ዘመናቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌልሃለሁ)። ጣልያናዊው ሠዓሊ ራፋኤል በ1512 ገደማ የሣላት፣ የሳክሶኒው ገዥና የፖላንዱ ንጉሥ ሣልሳዊ አውግስጦስ በ1754 ከጣልያን ያስመጣት እመቤታችን ከነልጇ እዚያ አለች። አረንጓዴው መጋረጃ ተገልጦ በባዶ እግሯ ደመና ረግጣ ትመጣለች፤ ከሩቅ ጉም ብቻ የሚመስለው ጀርባዋ ቀርበው ሲያዩት በመላእክት ፊት የተሞላ ነው። ከተማይቱ በፌብሩዋሪ 1945 በቦምብ ስትነድ እርሷን የመሳሰሉት ሥዕሎች አስቀድመው ከከተማ ወጥተው ስለነበር ተረፉ፤ ሶቪየቶች ወስደዋቸው ቆይተው በ1955 መለሷቸው።

ከሁሉ ይበልጥ ያቆመኝ ግን የሆላንዱ ሠዓሊ ቬርሜር የሣላት፣ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ቆማ ደብዳቤ የምታነብ ልጅ ናት። ለብዙ ዘመን ከጀርባዋ ይታይ የነበረው ባዶ ግድግዳ ነበር። በ1979 በራጅ ሲመረመር ግን ከግድግዳው ቀለም ሥር ቀስት የያዘ የፍቅር አምላክ፣ ኩፒድ የሚሉት፣ ተገኘ፤ ሠዓሊው ራሱ ሐሳቡን ለውጦ ሸፍኖታል ተብሎም ታለፈ። ከ2017 ጀምሮ ሥዕሉ ሲታደስ ባለሙያዎቹ በኩፒዱና በላዩ ቀለም መካከል አሮጌ ቫርኒሽ (ሥዕልን ለመጠበቅ በላዩ የሚቀባ አንጸባራቂ ልባስ) እና የተጋገረ ቆሻሻ አገኙ፤ በዚህም የላዩ ቀለም የተቀባው ቬርሜር በ1675 ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ በሌላ ሰው እጅ መሆኑን ተረዱ። ከዚያ በማይክሮስኮፕ እያዩ፣ የሠዓሊውን ቫርኒሽ ሳይነኩ፣ ያን ቀለም በቀጭን ስለት ጥቂት በጥቂት ፋቁት፤ በ2021 ሥዕሉ ለሕዝብ ቀረበ።

እኔ ደግ ሠርተዋል እላለሁ፤ ልጅቱ የምታነበው የፍቅር ደብዳቤ መሆኑን አሁን የሚነግረን ሠዓሊው ራሱ ነውና። ይሁን እንጂ ብዙ ትውልድ አይቶ የወደደው የዚያን ባዶ ግድግዳ ጸጥታ ስለነበር፣ ደስታዬ ሙሉ አልሆነልኝም። አንተስ በአሮጌ ሥዕል ላይ ዘግይቶ የተሣለ ሌላ ሥዕል ስታገኝ፣ ይልቁንም ምእመናኑ ሲሳለሙት የኖሩት የላይኛውን ሲሆን፣ የትኛውን ታስቀራለህ? ሳታሳጥር ጻፍልኝ።

ወንድምህ