ኦፕሽንሽን ከመግዛትሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከለቀቅሽው ኩባንያ ስለተሰጠሽ ኦፕሽን፣ ማለትም አክሲዮኑን በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት ስንነጋገር፣ «18 ሺህ ዶላሩ አለኝ፤ ሁሉንም ገዝቼ እገላገላለሁ» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽው። ቁጥር በስልክ አይያዝምና ልጻፍልሽ አልኩ።

18 ሺው ለኩባንያው የምትከፍይው ብቻ ነው። 12,000 ኦፕሽን በ1.50 ዶላር ትገዢያለሽ፤ ኩባንያው ያስገመተው የአክሲዮኑ ዋጋ ግን ዛሬ 9 ዶላር ነው። የመሀሉ 90 ሺህ ዶላር እጅሽ ባይገባም፣ ታክስ ሰብሳቢው አይአርኤስ ኤኤምቲ በሚባለው ሁለተኛ ስሌት እንደ ገቢ ይቆጥርብሻል፤ ይህ ስሌት ከመደበኛው ታክስ ከበለጠ ልዩነቱን ትጨምሪያለሽ። የዓመቱን ደሞዝሽን 150 ሺህ ብዬ ሳሰላው፣ ተጨማሪው ታክስ ወደ 14 ሺህ ዶላር ወጣ። ያውም ለማንም ልትሸጪው ለማትችይው አክሲዮን! ደግነቱ ሲያትል ነሽ፤ ካሊፎርኒያ ብትሆኚ ስቴቱም የራሱ ኤኤምቲ አለው።

አሁን ደስ የሚለውን ስሚ። 4,000ውን ብቻ ብትገዢ መደበኛው ታክስሽ ከሁለተኛው ስሌት ስለሚበልጥ ኤኤምቲ አይኖርብሽም። ሥራ የለቀቅሽው ኖቬምበር 14 ስለሆነ ደግሞ ጊዜሽ ሁለት የታክስ ዓመት ይነካል። 4,000 ከዲሴምበር 31 በፊት፣ 4,000 በጃንዋሪ ግዢ፤ ገቢሽ ብዙ ካልተለወጠ በሁለቱም ዓመት ታመልጫለሽ። የቀረውን 4,000 እኔ ብሆን እተወዋለሁ። እናትሽ አልተስማማችም፤ «ሌሊት ሳትተኛ የለፋችበትን?» ትላለች። እሷም እውነት አላት፤ ግን ልፋትሽ የአክሲዮኑን ዋጋ አይጨምረውም።

ቀኑን ተጠንቀቂ። ያንቺው ዓይነት፣ አይኤስኦ የተባለው ኦፕሽን የታክስ ጥቅሙን እንዲይዝ ሕጉ ሥራ ከለቀቅሽ በኋላ ሦስት ወር ነው የሚሰጠው፤ የኩባንያሽ ውል ግን 90 ቀን ስለሚል ፌብሩዋሪ 12 ላይ ያልቃል። ፒንተረስት በ2015 ሁለት ዓመት ለሠሩ ሰዎቹ እስከ ሰባት ዓመት ፈቅዶ ነበር፤ ያንቺዎቹ እንዲህ ያለ ደግነት አልጻፉም። ቀኑ ካለፈ ለምነሽም አታስመልሺውም።

«ኩባንያው ቢሊዮን ተገምቷል» ያልሽኝን በተመለከተ፦ ጉድ ቴክኖሎጂ የሚባለው የሞባይል ሶፍትዌር ኩባንያም ከቢሊዮን በላይ ተገምቶ ነበር። በ2015 ለብላክቤሪ በ425 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ፣ ባለሀብቶቹ የያዙት ልዩ አክሲዮን 3 ዶላር ያህል ሲያወጣ የሠራተኞቹ 44 ሳንቲም ነበር። ከሠራተኞቹ መካከል ቀደም ብለው በከፍተኛው ግምት ታክስ የከፈሉም ነበሩ። ስለዚህ ኩባንያሽ ቢሸጥ ባለሀብቶቹ በቅድሚያ የሚወስዱት ስንት እንደሆነ ጠይቂ። ላይነግሩሽ ይችላሉ፤ አለመንገራቸውም አንድ መልስ ነው።

ለቤት ቅድሚያ ክፍያ ያስቀመጥሽውን የእቁብ ገንዘብ አትንኪ። ቢጠፋ እንቅልፍ በማይነሳሽ ገንዘብ ብቻ ግዢ። ኩባንያው ከተሸጠ ወይም አክሲዮኑ ለሕዝብ ገበያ ከቀረበ በኋላ ለመሸጥ አትቸኩዪ፤ ኦፕሽኑ ከተሰጠሽ ሁለት ዓመት፣ ከገዛሽው ደግሞ አንድ ዓመት ከሞላው ትርፉ ዝቅ ባለው የታክስ መጠን ይታያል። የገዛሽበትን ቀንና ዋጋ የሚያሳይ ቅጽ 3921 የሚባል ወረቀት ይልኩልሻል፤ እንደ ማስታወቂያ ቆጥረሽ እንዳትጥይው።

እስከ እሑድ የውሉን ሙሉ ቅጂና የዓመቱን የመጨረሻ የደሞዝ ወረቀት ላኪልኝ፤ በትክክለኛው ቁጥር እንደገና አሰላዋለሁ። እስከዚያ ቼክ አትጻፊ።

አባትሽ